ጠጅ ወይስ ወይን? ለጎጃም ማዕድ የሚስማማውን ለሁለት መምረጥ

ወጥ ከሆነ ጠጅ። ዓሣ ከሆነ ነጭ ወይን። ጥብስ ከሆነ ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው ቀይ ወይን። የቸኮለ ሰው ይህችን ይዞ ገበያ ሊወጣ ይችላል።

ጊዜ ላላቸው ጥንዶች ግን ብዙ የሚወራ አለ። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ቅዳሜ ማታ ለሁለት የሚሆን ነገር ይዞ ቤት መግባት እየተለመደ መጥቷል። ሱፐርማርኬቱ ውስጥ የወይን ጠርሙስ ተደርድሯል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ጠጅ የሚጥሉ እናት አይጠፉም። ታዲያ የትኛው ይሻላል? ብዙ ሰው የሚመርጠው በስሙ ነው። ወይን የዘመናዊ ሰው ነው፣ ጠጅ የድግስ ነው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ተቃራኒውን ይዞ "የአገራችን እያለ የፈረንጅ ምን ያደርጋል" ይላል። ለእኔ ሁለቱም መንገድ አያስኬድም። እኔ የምመርጠው በበርበሬው ነው። ማሰሮው ውስጥ ምን ያህል በርበሬ ገብቷል? ከዚያ በኋላ ስለ መጠጡ እናወራለን።

ፍርዴን እንድትመዝኑት አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ደረቅ ነገር እወዳለሁ፤ ባለቤቴ ጣፋጭ ነው የሚወደው። አስተናጋጆች ግን ሁልጊዜ ጣፋጩን እኔ ፊት፣ ደረቁን እሱ ፊት ያስቀምጣሉ። እኛም ዝም ብለን ብርጭቆ እንቀያየራለን።

በርበሬው የሚወስነው ለምንድን ነው?

አልኮል በርበሬን ያባብሳል። ጠንከር ባለ መጠጥ ላይ ሚጥሚጣ ያለበት ጉርሻ ስትጨምሩ አፍ የሚነድደው ለዚህ ነው። ደረቅ ቀይ ወይን ሌላም ነገር አለው። ከወይኑ ቅርፊትና ፍሬ የሚመጣ፣ ድድን ጨምድዶ የሚይዝ ታኒን የሚባል ነገር ነው። ሻይ ሲከርር አፍ ላይ የሚተወው ዓይነት ስሜት ይሰጣል። ታኒንና በርበሬ አንድ ላይ ሲሆኑ ወይኑ መራራ፣ ወጡም ከልክ በላይ የሚያቃጥል ይመስላል። ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም፤ የተሳሳተው ጥምረቱ ነው። ጣፋጭነት ደግሞ በተቃራኒው ቃጠሎውን ያበርዳል። ስብም ያግዛል። ሥጋና ቅቤ ታኒኑን ያለዝቡታል፤ ስለዚህ ደረቅ ቀይ ከጥብስ ጋር ሲሆን ሌላ ወይን ይመስላል።

ጋዝ ያለው መጠጥም ቃጠሎውን ያባብሳል። ቀዝቃዛ ቢራ ለጊዜው ያስታግሳል እንጂ ከቀይ ወጥ ጋር እንዳሰቡት አይረዳም። ሰው ግን ይወደዋል፤ ይሁን።

ጠርሙሱ ላይ ያሉት

ጎጃም ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት የሁለት ድርጅቶች ወይኖች ናቸው። አንደኛው አንጋፋው አዋሽ ወይን ጠጅ ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ጉደር፣ አክሱሚትና ከሚላ የእሱ ናቸው። አያቶቻችንም የሚያውቋቸው ስሞች ናቸው። ሁለተኛው ዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ ያለው ካስቴል ነው። የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ገበያ ያወጣው በ2006 ዓ.ም ነው። ሪፍት ቫሊና አካሺያ የእሱ ናቸው። እርሻው ሐይቁ አካባቢ ስለሆነ ጉማሬ ወይኑን እንዳይበላ ዙሪያው ቦይ ተቆፍሮለታል። ጣና ዳር ላደገ ሰው ይህ ብዙም አያስገርምም።

አሁን ወደ ጣዕሙ። ጉደር ቀይ ደረቅ ነው። ቀላል፣ ትንሽ ቆምጠጥ የሚል፣ ብዙም የማያስመስል ወይን ነው። አክሱሚት ቀይ ጣፋጭ ነው። ድግስ ላይ ወይን ጠጥተው የማያውቁ ዘመዶች መጀመሪያ የሚያነሱት እሱን ነው። ከሚላ ነጭ ነው። አካሺያ ነጭም ቀይም ሮዜም (ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ያለው) አለው። መካከለኛ ጣፋጩ ከጣፋጭና ከደረቅ መሃል ያለውን ቦታ ይይዛል፤ ቤታችን ውስጥ ሰላም የሚያወርደው እሱ ነው። ሪፍት ቫሊ ደግሞ በወይኑ ዝርያ ስም ይወጣል። ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞ፣ ከነጩ ሻርዶኔ። ዋጋው ከአካሺያ ይበልጣል። ሲራው ከሥጋ ጋር ዋጋውን ያወጣል። ከወጥ ጋር ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

ከውጭ የሚገቡትን ብዙ አልመክርም። ጥሩ ስላልሆኑ አይደለም። ዋጋቸው ላይ የቀረጡ ድርሻ ትልቅ ነው፤ እዚህ የምትከፍሉበት ጠርሙስ አገሩ ላይ ርካሽ ሊሆን ይችላል። በዚያ ገንዘብ ሪፍት ቫሊ ገዝታችሁ ዓሣም ትጨምራላችሁ።

ከስሙ በላይ የሚያሳስበኝ ጠርሙሱ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ነው። ወይን ሙቀት አይወድም። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ጭነት የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን ላይ ይወጣል። በሚያዝያ ሸራ ስር ሆኖ ያንን ቁልቁለት የወረደ ወይን እንደ ተቀቀለ ፍሬ ሊጣፍጥ ይችላል። ስትገዙ ቡሹን እዩ። ወደ ላይ ከተገፋ፣ ወይም በአንገቱ በኩል ያፈተለከ ምልክት ካለ ተዉት። መስኮት ላይ ለጌጥ የተደረደረውንም ተዉት፤ ፀሐይ የጠጣው ነው። አቧራ ግን ምንም ማለት አይደለም። "የቆየ ወይን ነው" ብለው ዋጋ ሲጨምሩባችሁም አትመኑ፤ በዚህ ዋጋ የሚሸጥ ወይን አብዛኛው በጥቂት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው።

ሌላው ቅዝቃዜው ነው። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣ የሚባለው የክፍሉ ሙቀት ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሲሆን ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ጓዳው ራሱ ይበቃል። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሳሎኑ የሚያልብ ነው። እዚያ ቀዩንም ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። ነጩ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ ፍሪጅ ገብቶ ማታ ይውጣ። መብራት ከጠፋ ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አቁሙት፤ ጨርቁን አርጥባችሁ ጠቅልሉት። ይሠራል።

ጠጅ፤ እዚህ ላይ ልቆይ

ጎጃም ውስጥ ወይን ከጠጅ ጋር የሚወዳደርበት ሜዳ እኩል አይደለም። ወይኑ ከሩቅ ይመጣል፤ ማሩ ግን እዚሁ ነው። ከመስቀል በኋላ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን ንቧ ሥራ ላይ ናት። ጥቅምትና ኅዳር ማሩ ይቆረጣል። ጌሾውም ሩቅ አይደለም። የዘጌ ሰዎች በቡናቸው፣ በጌሾአቸውና በሎሚያቸው ይታወቃሉ። ሦስቱም ከአቡነ በትረ ማርያም በትር በቀሉ ይባላል። ቡናውንና ጌሾውን ያየ ሰው ታሪኩን ለማመን ብዙም አይከብደውም።

ጠጅ ቤት ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ። ለስላሳው ያልቆየ፣ ማሩ ገና ያልተበላ ነው። ደረቁ ቆይቶ ስኳሩ ያለቀ፣ የጌሾው ምሬት የወጣ ነው። እኔ ደረቁን ብቻውን፣ ቆሎ እየቆረጠምኩ እወደዋለሁ። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን መካከለኛውን ውሰዱ። ጣፋጩ በርበሬውን ያበርደዋል፤ የጌሾው ምሬት ደግሞ ቅቤውን ከምላስ ላይ ያነሳል። ይህንን ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያደርግ ወይን በዚህ ዋጋ አላገኘሁም። አካሺያ መካከለኛ ጣፋጩ ይጠጋዋል። አክሱሚት ከልክ በላይ ይጣፍጣል፤ ወጡን ሳይሆን ኬኩን ጠብቁት።

ችግሩ ጥራቱ ነው። ማር ተወዷል። ስለዚህ ስኳር የሚጨምሩ፣ ቢጫ ቀለም የሚነክሩ አሉ። ብርሌው ውስጥ ከልክ በላይ ያበራ ቢጫ ስታዩ ጠርጥሩ። የማር ጠጅ አብዛኛውን ጊዜ ደብዘዝ ያለ፣ ጭጋግ ያለበት ነው። ሽቱት። ማር፣ ሰምና ትንሽ የጭስ ሽታ ካለው ጥሩ ነው። ጉሮሮ ላይ የስኳር ጣፋጭነት ብቻ ጥሎ ካለፈና ምንም ሽታ ከሌለው ሻዩን ስኳር ጨምራችሁ ብትጠጡ ይሻላል።

ቤት መጣል ለሚፈልጉ ጥንዶች ከመግዛት ይልቅ ይህኛውን እመርጥላቸዋለሁ። አንድ እጅ ማር ለአራት እጅ ውኃ ጥሩ መነሻ ነው። ሦስት እጅ ካደረጋችሁት ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል፤ አምስት ካደረጋችሁት ቀለል ይላል። ማሩ ከነሰፈፉ ይሁን። ዕቃው በደንብ ይታጠብና በወይራ ይታጠን። ማሩና ውኃው ተበጥብጦ ተሸፍኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ይገፈፋል። ከዚያ የጌሾ እንጨቱ ይገባል። ለጠላ ቅጠሉም ይሄዳል፤ ለጠጅ እንጨቱ ነው። ጌሾው ሲወጣ ይጠለላል፣ ይጠራል። ሁሉም ተደምሮ ከ8 እስከ 20 ቀን ይፈጃል። ባሕር ዳር ሙቀቱ ያፈጥነዋል፤ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ብርዱ ያዘገየዋል። እንጅባራ ያለች ጓደኛ "አሥረኛ ቀኑ ነው፣ አልደረሰም" ብላ ብትጨነቅ አትስሟት፤ ትጠብቅ። አማቴ "የቸኮለ ጠጅ ራስ ያማል" ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ማሩን ስትገዙ የረጋ ስለሆነ አትሽሹ። "የረጋ ማር ስኳር አለበት" የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ንጹሕ ማርም ይረጋል፤ መርጋቱ ንቧ በየትኛው አበባ ላይ እንደዋለች ይለያያል። በክብሪት መለኮስ፣ ውኃ ላይ ጠብ ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ የሚያስተማምኑ አይደሉም። የሚያስተማምነው ቆራጩን ማወቅ ነው። ጎጃም ውስጥ ንብ የሚያንብ አጎት ወይም የአጎት ጎረቤት የሌለው ሰው ብዙም የለም። እሱን ያዙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጠጅ ለስላሳ መስሎ ይጥላል። አንድ ብርጭቆ ወይን 150 ሚሊ ሊትር ነው። 13 በመቶ ቢሆን ውስጡ ያለው አልኮል ወደ 20 ሚሊ ሊትር ይጠጋል። ጠጅ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 11 በመቶ ነው፤ ግን 300 ሚሊ ሊትር ሳታስቡት ትጠጡታላችሁ። 10 በመቶ ከሆነ 30 ሚሊ ሊትር አልኮል ገባ ማለት ነው። ብርሌው ጠባብ አንገት ስላለው ትንሽ የጠጡ ይመስላል። በብርሌ አትቁጠሩ።

ከጠጅ ቤት የምትወስዱት ከሆነ ደግሞ በሃይላንድ ሞልታችሁ ክዳኑን አጥብቃችሁ አትዝጉት። ያላለቀ ጠጅ እየሠራ ይሄዳል፤ ጋዙ ጠርሙሱን ይነፋዋል። ቦርሳ ውስጥ ቢፈነዳ ልብሱ ብቻ አይደለም፤ ታክሲው ሙሉ ይሸታል።

ጠላና አረቄ በአጭሩ

የጎጃም ጠላ ብዙ ቦታ ዳጉሳ ይገባበታል፤ ጠቆር ያለ፣ የተቆላ እህል የሚሸት ነው። አልኮሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሽሮና ክክ ላይ አይከብድም። ረጅም ምሳ ከሆነና ሥራ ካላችሁ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ለሁለት ሰው ግን ጠላ መጥመቅ ድካሙ ብዙ ነው፤ ብቅሉ፣ አሻሮው፣ ጥንስሱ። ጎረቤት ሲጠምቅ ሄዳችሁ ጠጡ።

አረቄ ለመቅመስ እንጂ ከምግብ ጋር ለመጠጣት አይሆንም። ከ40 በመቶ በላይ የሚደርስ ስለሆነ ምላሱን ያደነዝዘዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትቀምሱት ሁሉ አንድ ነው። ጥሬ ሥጋ ላይ አንድ መለኪያ ልማድ ነው፤ አልከራከርም።

ማዕዱ

ዶሮ ወጥ ላይ ፍርዴን ተናግሬአለሁ። መካከለኛ ጠጅ አንደኛ፣ አካሺያ መካከለኛ ጣፋጭ ሁለተኛ። ጉደርን ከዶሮ ወጥ ጋር የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ ቀይ ከቀይ ይሄዳል ብለው ይመስለኛል። አይሄድም።

ዓሣው ላይ ወይን ያሸንፋል፤ ያውም በሰፊው። ባሕር ዳር ላይ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ማለት ንጉሥ ነው። ሙሉውን ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ሚጥሚጣው ለብቻው በጎን ቀርቦ ሲመጣ ቀዝቃዛ ነጭ ወይን ይፈልጋል። ከሚላ ይበቃል። ድግስ ቢጤ ከሆነ ሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ። ጠጅ እዚህ ላይ ዓሣውን ይውጠዋል፤ የማር ሽታ ብቻ ይቀራል። ለብለብም ከሆነ እንደዚያው ነው፤ ትንሽ ቃሪያ ካለበት ወደ አካሺያ ነጭ መካከለኛ ጣፋጭ ዘወር በሉ። ዓሣ ጉላሽ ግን ቲማቲምና በርበሬ ስላለው ነጩን ይገፈትረዋል፤ እዚያ ሮዜ ይሻላል። አምባዛ ሥጋው ስባም ስለሆነ ቀላል ቀይ እንኳ ይችላል፤ ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ሰዎች ስላሉ ለእንግዳ ከማቅረባችሁ በፊት ጠይቁ።

ጥብስ ላይ፣ በተለይ አዋዜው በጎን የሚቀርብበት ደረቅ ጥብስ ከሆነ፣ ደረቅ ቀይ ወይን ቦታውን ያገኛል። የኪስ ነገር ከሆነ ጉደር፤ ክብረ በዓል ከሆነ ሪፍት ቫሊ ሲራ። ሮዝመሪው ከወይኑ ጋር በደንብ ይግባባል። አዋዜውን ግን ንካ ንካ አድርጉት። ሥጋውን ከነከራችሁበት ተመልሰን ወደ በርበሬው ጨዋታ ገባን። ክትፎም በሚጥሚጣው ልክ ነው። ለዘብ ካለ ቀይ ወይን፣ ካቃጠለ ጠጅ። ቅቅል ላይ ባለቤቴና እኔ እስካሁን አልተስማማንም። እሱ ጠጅ ይላል፤ እኔ ነጭ ወይን። የሚፈርድ ካለ ይምጣና ይቅመስ።

ድንች ቅቅልን ማንም ወይን ላይ አያስበውም። አዊና ምዕራብ ጎጃም ድንቹ ጥሩ ነው፤ ትኩሱ ተልጦ ጨውና ትንሽ ቅቤ ካገኘ ከከሚላ ጋር ድንቅ ነው። ርካሽ እራት ነው፣ ሞክሩት። ጤፉም ይቆጠራል። የቢቸናና የደጀን ነጭ ጤፍ እንጀራ ብዙ ካልኮመጠጠ ለወይን ይመቻል። በጣም የቆየ፣ ኮምጣጣ እንጀራ ግን ወይኑን ያከሳዋል፤ የሁለት ቀን እርሾ እንጀራ ላይ ጥሩ ወይን አትክፈቱ።

ለሁለት ሲቀምሱ

ሦስት መጠጥ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ቅምሻ መሆኑ ቀርቶ መጠጣት ይሆናል። ለእያንዳንዳችሁ ከየዓይነቱ ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሊትር ቅዱ፤ አንድ የቡና ስኒ ቢጤ ነው። ብርጭቆው አንድ ዓይነት ይሁን። ጠጁንም በብርሌ ሳይሆን በዚያው ብርጭቆ ቅዱት፤ ብርሌው ሽታውን ስለሚይዝ ፍርዱን ያዛባል። ነጩን ከቀዩ በፊት፣ ደረቁን ከጣፋጩ በፊት፣ ጠጁን መጨረሻ። ከጣፋጭ በኋላ ደረቅ ከቀመሳችሁ ደረቁ ኮምጣጤ ይመስላል፤ ያለ ጥፋቱ ይኮነናል።

ጠርሙሱን በፌስታል ሸፍኑት። ስሙንና ዋጋውን ያየ ምላስ ይዋሻል። አንዳችሁ ቀድታችሁ ሌላው ሳያይ ይቅመስ፤ ቀጥሎ ተቀያየሩ። መጀመሪያ ብቻውን፣ ቀጥሎ ከምግቡ ጋር አንድ ጉርሻ። ብዙ ጊዜ ብቻውን ያሸነፈው ከምግብ ጋር ይሸነፋል። ያን ጊዜ ነው ጨዋታው የሚደምቀው። ወረቀት ይዛችሁ ከመነጋገራችሁ በፊት ምርጫችሁን ጻፉ። ባልና ሚስት አንዱ የሌላውን ፊት አይቶ ሐሳቡን የመቀየር ልማድ አለው፤ "አንተ ከወደድከው እኔም" የሚባለው ነገር ለትዳር ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ለቅምሻ ግን አይሆንም።

ካልተስማማችሁ ለእያንዳንዳችሁ የተለያየ ነገር ግዙ። አንድ ጠርሙስ አምስት ብርጭቆ ይወጣዋል። ለሁለት ሰው በአንድ ማታ ማለቅ የለበትም። ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ ካቆማችሁት ነጩም ቀዩም ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ጣፋጩ ከዚያም ትንሽ ያልፋል።

ቤት፣ ጠጅ ቤት ወይስ ሐይቅ ዳር?

ቤት ይረክሳል፤ ምርጫውም የእናንተ ነው። ሆቴል ውስጥ ያው ጠርሙስ ከሱቁ በጣም ይወደዳል፤ የሚሸጥላችሁ ወንበሩና ነፋሱ ነው። ጣና ዳር ላይ ያ ነፋስ ዋጋ አለው፤ ቆሮሶውም ትኩስ ነው። ስለዚህ ሐይቅ ዳር የምትወጡት ለዓሣና ለነጭ ወይን ይሁን። ከማዘዛችሁ በፊት ጠርሙሱ ፍሪጅ ውስጥ እንደነበር ጠይቁ። "እናቀዘቅዘዋለን" ካሏችሁ መጀመሪያ ዓሣውን እዘዙ፤ ዓሣው እስኪጠበስ ጠርሙሱ በረዶ ውስጥ ይቆያል። በጊዜ መግባትም ጥሩ ነው፤ ምሳ ከእራት ይሻላል፣ ሐይቁም የሚታየው በቀን ነው። መኪና የሚይዘው ሰው ውኃ ይጠጣ።

ጠጅ ቤት ደስ ይላል፤ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጫወታል። ግን እውነቱን ለመናገር አብዛኛው የወንድ ቤት ነው። ሚስቱን ይዞ የገባ ሰው ላይ ዓይን ይበዛል፣ ሚስትየዋም ላይ ይብሳል። እኔ ግድ የለኝም፤ ግድ የሚላት ሴት ግን ትክክል ናት። መሃል መንገዱ ጠጅ ገዝቶ ቤት መውሰድ ነው። ምግቡም ቤት ይጠብቃችኋል።

ጾምና የማይጠጣው

ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ቤት ቅምሻውን ለቅዳሜ ማታና ለእሑድ ምሳ ያድርገው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጠርሙሱን የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው፤ ያን ጊዜ ጠጅ ጥሎ ለፋሲካ ማድረስ ነው። የጾም ምግብ ላይ ለሚጠጣ ሰው አዚፋ ከሰናፍጩ ጋር ነጭ ወይን ይወዳል፤ ሽሮ ጠላ ይወዳል።

ከሁለታችሁ አንዱ የማይጠጣ ከሆነ፣ እርጉዝ ከሆነች፣ መድኃኒት ላይ ከሆነ ወይም ሃይማኖቱ ካልፈቀደ፣ ብርዝ አለ። ማርና ውኃ ነው፣ ሳይቦካ የሚጠጣ። በዕለቱ ይበጥበጥ፤ ካደረ መሥራት ይጀምራል። ከወጥ ጋር ከማንኛውም የለስላሳ መጠጥ ይበልጣል። በዚያው ብርጭቆ ቅዱለት፤ ፍርዱንም እሱ ይስጥ። የማይጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁሉም የተሻለ ቀማሽ ነው፤ ምላሱ አልደነዘዘም።

ዝዋይ ድረስ?

አንዳንድ ጥንዶች የወይን እርሻውን ማየት ይፈልጋሉ። ዝዋይ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ነው። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አዲስ አበባ፣ ከዚያ በመኪና ማለት ነው። አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጉብኝት እንዳለ ሳታረጋግጡ አትነሱ። ለጋብቻ ዓመት፣ ሌላም ጉዳይ አዲስ አበባ ካላችሁ፣ ያስደስታል። ወይን እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ብቻ ከሆነ ግን ያንን ሁሉ ብር አታውጡ። በጥቅምት ወደ ንብ አንቢው አጎት ሂዱ፤ ማሩ ሲቆረጥ እዩ፣ ጠጁን ራሳችሁ ጣሉ። ከተረፈው ብር አንድ ሲራ ግዙና ጥብስ ቀን ይጠብቃችሁ።